የማላኪያ መብራት፤ ከላምባ ፋኖስ እስከ ንብርብር ክሪስታል

ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አምስት ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ በምትገኘው በጁባ ከተማ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ የሚጐድሏቸው በመሆናቸው፥ የሰሜን አውሮጳ ሰው በበጋ ወራት ረጅሙን ምሽት ተጠቅሞ መብራቱን እንደሚቈጥብ የጁባ ሰው ሊቈጥብ አይችልም፤ የዕድሜው እኩሌታ የሚያልፈው ፀሐይ በሌለችበት ነው። ስለዚህ የዚህች ከተማ ታሪክ በጦርነትና በውል ዘመን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን በምን አበራችው ተብሎም ሊጻፍ የሚገባው ነው፤ ለዚህም ዓይነት ትረካ ከሰፈሮቿ ሁሉ ማላኪያን የመሰለ የለም።

ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እንከተልና፥ የእንግሊዝ ገዥዎች የሞንጋላን ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በነጭ ዓባይ ምዕራብ ዳር ወደነበረችው የባሪዎች መንደር ባዛወሩበት በ1920ዎቹ ማለቂያ፥ አዲሲቱ ከተማ እንደ ዘመኑ የቅኝ አገዛዝ ሥርዓት በየፊናው ተከፋፍላ ተመራች፤ ሹማምንቱ በአንድ ወገን፥ የግሪክና የሰሜን ሱዳን ነጋዴዎች በሱቆቻቸው ዙሪያ ሲቀመጡ፥ ከውትድርና የተሰናበተውና በእጁ ሥራ የሚያድረው ሕዝብ ደግሞ ማላኪያ በተባለው ሰፈር ጎጆውን ቀለሰ። ከልዩ ልዩ ነገድ የተሰበሰበ በመሆኑም መግባቢያው የጁባ ዓረብኛ ሆነ፤ አጠገቡ ባለው በኮንዮ ኮንዮ ገበያም እስከ ዛሬ ሲሸጥና ሲለወጥ፥ ሲከራከርና ሲታረቅ የሚውለው በዚሁ ድብልቅ ልሳን ነው።

የእንዲህ ያለው ሰፈር የሌሊት ብርሃን የእኛም አገር ሰው አሳምሮ የሚያውቀው ነው፤ ለድኻው ከቆርቆሮ የተበየደ ኩራዝ፥ ደኅና ገቢ ላለው ብርጭቆ የለበሰ ፋኖስ፥ ለሻይ ቤትና ለሠርግ ደግሞ በፓምፕ የሚነፋ ማሾ። የኩራዙ ነበልባል ቢጫ ሆኖ የሚታየው ላምባው ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል በነበልባሉ ውስጥ የሚቀሩት ረቂቃን የጥላሸት ቅንጣቶች ግለው ስለሚያበሩ ነው፤ እነዚያው ቅንጣቶች ከነበልባሉ ሲያመልጡ ጣራውን ያጠቁራሉ፥ የሕፃናቱንም ሳንባ ያውካሉ። ከሚቃጠለውም ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሉመን ዓይን የሚቀበለው የብርሃን መስፈሪያ ሲሆን፥ የስዊድን የሳይንስ አካዳሚ በ2014 ባወጣው ጽሑፍ እንዳነጻጸረው፥ የዘይት መብራት ለእያንዳንዱ ዋት ኃይል የሚመልሰው የአንድ ሉመን ዐሥረኛ ብቻ ነው፤ የጋለ ሽቦ ያለው አምፖል 16 ሉመን፥ ፍሎረሰንቱ 70 ያህል ሲሰጡ፥ ከንብርብር ክሪስታል የሚሠራው የዛሬው መብራት በምርጥነቱ እስከ 300 ይደርሳል። ይህ የሦስት ሺህ እጥፍ ልዩነት ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከማላኪያ ተነሥቶ ወደ ሩቅ አገር ቤተ ሙከራዎች መሄድ ግድ ይሆንበታል።

ጁባ ገና መንገዶቿ በሚቀየሱባቸው በእነዚያው ዓመታት፥ ኦሌግ ሎሴቭ የተባለ ሩስያዊ ወጣት የሬዲዮ ባለሙያ ካርቦረንደም የተባለውን፥ ለመሞረጃ ድንጋይ የሚያገለግለውን ጠንካራ ክሪስታል በብረት ጫፍ እየነካ ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍበት በመነካኪያው ነጥብ ላይ ደብዛዛ ብርሃን ተመለከተ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ራውንድ በ1907 ይህንኑ አይቶ በአጭር ማስታወሻ ገልጦ አልፎት ነበር፤ ሎሴቭ ግን አላለፈውም። ብርሃኑ የወጣው ክሪስታሉ ስለጋለ ይሆን ወይስ በሌላ ምክንያት የሚለውን ለመለየት ያደረገው ፈተና በቀላልነቱ ያስደንቃል፤ በሚያበራው ነጥብ ላይ የቤንዚን ጠብታ አኖረና ጠብታዋ ከወትሮው ፈጥና እንደማትተን አየ። ነጥቡ ያበራል እንጂ አይግልም፤ ፀዳል ያለ እሳት ተገኘ ማለት ነው። ከ1927 ጀምሮ ነገሩን በጽሑፍ ቢያወጣም ዘመኑ ብዙ ጆሮ አልሰጠውም፤ እርሱም በ1942 በጀርመኖች በተከበበችው በሌኒንግራድ በረኃብ ሞተ። ስለ መብራት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ለዚህ ሰው የሚገባውን ስፍራ ሰጥተውታል ብዬ አላምንም።

ምክንያቱ የታወቀው ቆይቶ ነው። ሴሚኮንዳክተር ወይም ከፊል አስተላላፊ በተባሉት ክሪስታሎች ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚኖሩባቸው ሁለት የኃይል ማዕርጋት አሉ፤ በላይኛውና በታችኛው መካከል ደግሞ አንድ ስንኳ ሊቆምበት የማይችል ክፍተት ይገኛል። ከላይኛው የወረደ ኤሌክትሮን በታችኛው ማዕርግ ባለ ባዶ ስፍራ ሲገባ የክፍተቱን ያህል ኃይል በብርሃን መልክ ይለቃል፤ ክፍተቱ ጠባብ ሲሆን ብርሃኑ ቀይ ወይም ከቀይ በታች ያለ ለዓይን የማይታይ፥ ሲሰፋ ሰማያዊ ይሆናል። አሜሪካዊው ኒክ ሆሎኒያክ በ1962 ጋሊየምን ከአርሰኒክና ከፎስፈረስ ጋር አዋሕዶ ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን አወጣ፤ ይህም ብርሃን ለብዙ ዘመን በሬዲዮና በቴፕ ግንባር ላይ መሣሪያው መከፈቱን ከማመልከት በቀር ሌላ ሥራ የሌላት ቀይ ነጥብ ሆኖ ዓለምን ዞረ። በእርሷ ብርሃን ዳዊት የሚደግም አልነበረም።

ብርሃኑን ያበረታው መደራረብ ነው። በአንድ ወጥ ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮኑና ባዶው ስፍራ ሳይገናኙ ተበታትነው መቅረታቸው ይበዛልና፥ ሄርበርት ክሮመር በአሜሪካ፥ ዦሬስ አልፌሮቭና ባልደረቦቹም ሎሴቭ በሞተባት በዚያችው በሌኒንግራድ፥ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር በ1963 አንድ አሳብ ላይ ደረሱ፤ ጠባብ ክፍተት ያለውን ቀጭን ንብር ሰፊ ክፍተት ባላቸው በሁለት ንብሮች መካከል ማስገባት። ከላይም ከታችም የመጡት በመካከለኛው ንብር ይታገታሉ፥ በዚያውም ይገናኛሉ፥ ብርሃንም ከዚያው ይወጣል። ሁለቱ ሊቃውንት በ2000 የኖቤልን ሽልማት ሲካፈሉ የተመሰገኑት በዚሁ ነው።

ነገር ግን እንዲህ ያለውን ንብር በምን ያዩታል? አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ የሚደረደሩትም ንብሮች ውፍረታቸው ከጥቂት ናኖሜትር እስከ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ነው። ሠሪው ሥራውን በዓይኑ አያየውም፥ በእጁም አይዳስሰውም። የዚህ ጥበብ እውነተኛ ታሪክ፥ በእኔ ግምት፥ የመሥራት ሳይሆን የማንበብ ታሪክ ነው፤ ብርሃን የሚሰጠውን ነገር ራሱን በብርሃን መመርመር። የሱዳንን የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ያበረደው የአዲስ አበባው ስምምነት በ1972 ተፈርሞ ጁባ የደቡቡ ክልላዊ መንግሥት መቀመጫ ከሆነች ሁለት ዓመት በኋላ፥ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ሬይመንድ ዲንግልና ሁለት ባልደረቦቹ የጋሊየም አርሰናይድን ቀጫጭን ንብሮች አሉሚኒየም ከተቀላቀለበት ዓይነት ጋር እያፈራረቁ ደራርበው፥ ወደ ፍጹም ዜሮ በቀረበ ቅዝቃዜ ውስጥ አኑረው፥ ልዩ ልዩ ቀለም ያለውን ብርሃን እያሳለፉበት የትኛው እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚዋጥ መዘገቡ። በወፍራሙ ክሪስታል የመዋጡ መጠን አንድ ወጥ አቀበት ሆኖ ሲወጣ፥ በቀጭኑ ግን እርከን በእርከን ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም በቀጭን ንብር የታሠረ ኤሌክትሮን እንደ ልቡ ማንኛውንም ኃይል ሊይዝ እንደማይችል፥ በተወሰኑ ማዕርጋት ብቻ እንደሚቆም የሚያስረዳ ምስክር ሆነ። የክራር ጅማት በጣት ተይዞ ሲያጥር ድምፁ እንደሚቀጥን፥ ንብሩም በሳሳ ቍጥር የሚሰጠው ብርሃን ከቀይ ወደ ሰማያዊ ወገን ይሸጋገራል፤ ሠሪውም ቀለሙን በንጥረ ነገሩ ብቻ ሳይሆን በውፍረቱም ሊመርጥ ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው የሚደረገው ምርመራ በመሠረቱ ይኸው ነው። ክሪስታሉን ከክፍተቱ በሚበልጥ ኃይል ባለው የሌዘር ብርሃን ይመቱታል፤ የተመታውም ክሪስታል የራሱን ብርሃን ይመልሳል፤ ያንን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና በኅብሩ ዘርዝሮ የሚያነብ ሰው፥ ንብሩን ሳይቈርጠውና ሳይነካው፥ ስንት ናኖሜትር እንደሆነ፥ ምን ባዕድ ነገር እንደገባበት፥ የንብሮቹም ወሰን ለስላሳ ይሁን ወጣ ገባ ይለያል። መስመሩ ቀጭንና የጠራ ሆኖ ከወጣ ሥራው ተስተካክሏል፤ ሰፍቶና ደብዝዞ ከመጣ አንዱ ንብር በሌላው ላይ በሥርዓት አልተቀመጠም።

ቀይ ብርሃን ግን ብቻውን ቤት አያበራም። ነጭ ለማግኘት ሰማያዊ ያስፈልጋል፤ ለሰማያዊም የኃይል ክፍተቱ 3.4 ኤሌክትሮን ቮልት የሆነው ጋሊየም ናይትራይድ የታጨ ንጥረ ነገር ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዣክ ፓንኮቭ ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ቢያወጣበትም፥ ክሪስታሉ አስቸጋሪ ሆኖ በመገኘቱ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ትተውት ሄዱ። አስቸጋሪ ያደረገው መሠረት ማጣቱ ነው፤ የሚተከለው በሰንፔር ላይ ነበረ፥ የሰንፔርም የአቶሞች አሰላለፍ ከእርሱ ጋር ስለማይገጥም እየተሰነጣጠቀ ይወጣ ነበር። ሰንፔር በራእየ ዮሐንስ ከሰማያዊቱ ከተማ ቅጥር መሠረቶች ሁለተኛው ሆኖ የተቈጠረ ዕንቍ መሆኑን ለሚያስታውስ አንባቢ፥ የዛሬው የቤት መብራት አብዛኛው በዚሁ ድንጋይ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ሳያስገርመው አይቀርም።

በጃፓን በናጎያ ኢሳሙ አካሳኪና ተማሪያቸው ሂሮሺ አማኖ አልተዉትም። በ1986 በሰንፔሩና በክሪስታሉ መካከል ቀጭን የአሉሚኒየም ናይትራይድ ንብር አስቀድመው ቢያነጥፉ፥ በላዩ የበቀለው ክሪስታል ስንጥቅ የሌለበትና የጠራ ሆነ። ሆኖም ሁለተኛ ችግር ቀረ፤ ብርሃን እንዲወጣ ኤሌክትሮን ከሚበዛበት ወገን ጋር ሊገናኝ የሚገባውን፥ ባዶ ስፍራ የሚበዛበትን ወገን መሥራት አልተቻለም ነበር። መፍትሔውም የመጣው ከዚሁ ከማንበቡ ሥራ ነው። አማኖ ዚንክ የተጨመረበትን ክሪስታል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ የሚያወጣውን ብርሃን ሲለካ፥ የኤሌክትሮኑ ጨረር እየመታው በቆየ መጠን ብርሃኑ እየበረታ ሲሄድ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ያልፈው ይሆናል፤ እነርሱ ግን ጨረሩ በክሪስታሉ ውስጥ አንድ ነገር እየለወጠ መሆኑን ጠረጠሩ፥ በዚንክ ፈንታ ማግኒዚየም አድርገውም በ1989 የተፈለገውን ወገን አገኙ። በሺኮኩ ደሴት በኒቺያ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሹጂ ናካሙራ ደግሞ በ1992 ነገሩ ያለ ጨረር በማሞቅ ብቻ እንደሚሠራ አሳየ፤ ማግኒዚየሙን አስሮ ሥራ ያስፈታው ሃይድሮጅን እንደነበረና ሙቀቱ እንደሚያስወጣው አስረዳ። በ1993 ማለቂያም ብሩህ ሰማያዊ መብራት ለገበያ ቀረበ። ሦስቱ ሰዎች በ2014 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

አንድ ዕፁብ ነገር እዚህ ላይ ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። በሰንፔር ላይ የሚበቅለው ክሪስታል፥ ምንም ቢሻሻል፥ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከመቶ ሚሊዮን በላይ የአሰላለፍ ጉድለት ነበረበት፤ ጋሊየም አርሰናይድ በዚህ ልክ ቢቈስል ብርሃኑ ይጠፋ ነበር፥ ይህ ግን አበራ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የብዙ ሊቃውንት ምርመራ በዚህ ላይ ዋለ። የሚወጣውን ብርሃን ከቅዝቃዜ እስከ ሙቀት እያፈራረቁ የለኩት ሰዎች ያገኙት ማብራሪያ፥ ሁለት ወይም ሦስት ናኖሜትር ውፍረት ባለው ፥ ኢንዲየም የተባለ ብረት በተቀላቀለበት ብርሃን ሰጪ ንብር ውስጥ የኢንዲየሙ አቶሞች እኩል ስላልተበተኑ፥ ኤሌክትሮኖች ጥቃቅን የኃይል ጉድጓዶች ውስጥ ይቀራሉ፥ ወደ ጉድለቶቹም ሳይደርሱ እዚያው ብርሃናቸውን ይሰጣሉ የሚል ነው። ያ መበተን ምን ያህል ነው፥ ከዚህ ሌላስ ምክንያት የለምን በሚለው ላይ ክርክሩ ለረጅም ጊዜ ቀጥሏል።

እነዚህ የናጎያና የሺኮኩ ዓመታት ለጁባ የመከራ ዓመታት ነበሩ። በ1983 ያገረሸው ጦርነት ከተማይቱን በመንግሥት ወታደሮች የተያዘች፥ ዙሪያዋ ግን በደፈጣ ተዋጊዎች የተከበበ ደሴት አድርጓት፥ ስንቋና ነዳጇ በአውሮፕላንና በወንዝ መርከብ ቅፍለት የሚመጣ ሆነ፤ ናካሙራ ክሪስታሉን በሚያሞቅበት በዚያው በ1992፥ በሰኔና በሐምሌ ወራት፥ አማፅያኑ እስከ ከተማዋ ውስጥ ዘልቀው ተዋጉ፥ ከዚያም የመጣው በቀል በነዋሪዎቹ ላይ ከበደ። ይህን ጐን ለጐን ማንሣቴ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት አይደለም፤ የማላኪያ እናት ላምባ በጠብታ እየቈጠረች ኩራዟን በምትለኵስበት ሌሊት፥ ኩራዙን ከቤቷ የሚያስወጣው ነገር በሌላ የዓለም ጥግ እየተበጀ እንደነበረ ለማስታወስ ብቻ ነው።

ነጩ ብርሃን የተገኘው በ1996 ነው። ከንብርብሩ የሚወጣው ሰማያዊ ብቻ ስለሆነ፥ የኒቺያ ሰዎች በላዩ ሴሪየም የገባበት ቢጫ ዱቄት ቀቡበት፤ ዱቄቱ ከሰማያዊው ከፊሉን ውጦ ቢጫ አድርጎ ይመልሳል፥ የቀረው ሰማያዊም ከቢጫው ጋር ተቀላቅሎ ለዓይን ነጭ ይሆናል። ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ማንም ሰው የእጅ ባትሪውን አጥፍቶ የመስተዋቱን ውስጥ ቢመለከት፥ ሲበራ ነጭ የሆነው ያ ነጥብ ሲጠፋ የእርድ መልክ ያለው ትንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ያገኘዋል።

በጥር ወር 2005 የሰላሙ ውል ተፈርሞ የጁባ በሮች ሲከፈቱ፥ ከገቡት መንገደኞች መካከል ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ፤ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፈቱ፥ ሱቅ ተከራዩ፥ ውሃ በቦቴ አዞሩ። የከተማዋ የመብራት ኃይል አገልግሎት ከስም ያለፈ ስላልነበረ፥ አንድ ሆቴል ለመክፈት ከአልጋው ቀድሞ የሚገዛው ጄኔሬተር ነበረ፤ ሌሊቱም በእርሱ ጩኸት የተሞላ ሆነ። ናፍጣው ከኬንያና ከዩጋንዳ በቦቴ ይመጣ ነበር፥ የጁባ ኒሙሌ መንገድም አስፋልት ለብሶ ያለቀው በ2012 ነው። ከ2011 ጀምሮ ራሷን የቻለችው ደቡብ ሱዳን ድፍድፍ ዘይቷን በቧንቧ ወደ ቀይ ባሕር ወደብ እየላከች ለመብራቷ የሚሆነውን ናፍጣ ከባዕድ አገር በመኪና ማስመጣቷ፥ ለኢኮኖሚ ሊቃውንት ግልጥ ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡን በየማታው ለሚከፍለው ባለ ምግብ ቤት ግን ምሬት ነው።

ጄኔሬተር ለመግዛት አቅም የሌለው ጎጆ ያለ ተስፋ አልቀረም፤ ክሪስታሉ በሌላ በር ገባለት። የዓለም ባንክ ወገኖች በ2007 ላይቲንግ አፍሪካ የተባለውን መርሐ ግብር ሲጀምሩ፥ በዚያውም ዘመን ዲላይት የመሳሰሉ ኩባንያዎች ሲቋቋሙ፥ አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ፥ ባትሪና ጥቂት የክሪስታል መብራት በአንድ ላይ ያለው ፋኖስ በአፍሪካ ገበያ መሰራጨት ጀመረ። አንድ ወይም ሁለት ዋት የሚበቃው መብራት ባይፈጠር ኖሮ የመጽሐፍ ስፋት ባለው የፀሐይ ሰሌዳ ሌሊቱን ማብራት የማይታሰብ ነበር፤ የፀሐዩ ፋኖስ የፀሐይ ሰሌዳ ልጅ ብቻ አይደለም፥ ይልቁንም የናጎያ ልጅ ነው። በታኅሣሥ 2013ና በሐምሌ 2016 ተኩሱ ጁባን ሲያናውጣት፥ ከነዳጅ ቦቴና ከመስመር ዝርጋታ ጋር ጉዳይ ያልነበረው መብራት ይኸው ነበር።

ታዲያ ሁሉ መብራት አንድ አይደለም። በየገበያው ከሚደረደሩት መካከል ብዙዎቹ ሙቀት የሚያስወጣ ብረት ሳይኖራቸው ከዓቅማቸው በላይ ኤሌክትሪክ የሚጋቱ ስለሆኑ በጥቂት ወራት ይደበዝዛሉ፤ ቢጫው ዱቄት የሳሳባቸውም አሉ፥ እነዚህን የገዛ ሰው ቤቱ ሬሳ መሳይ ሰማያዊ ለብሶ ያገኘዋል። ገዢው በሱቁ ደጃፍ ቆሞ ሊያውቅ የሚችለው ብሩህነቱን ብቻ ነው፤ ነጋዴውም ይህን ያውቃል። የላይቲንግ አፍሪካ ፈታሾች ፋኖሶቹን ለብዙ ሰዓታት አብርተው ብርሃናቸው ምን ያህል እንደ ቀነሰ መለካታቸው ለዚሁ ነበር፤ ዲንግል ንብሩን ያነበበበት ጥበብ በጣም ቀሎና ረክሶ እስከ ፋኖስ ሸማች ድረስ ወርዷል ማለት ነው። ቢሆንም የተፈተነውና ያልተፈተነው በአንድ መደብ ላይ ጐን ለጐን እስከ ተሸጡ ድረስ፥ ርካሹ ማሸነፉ አይቀርም።

ሽቦው የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። በኅዳር 2019 ኤዝራ የተባለው ኩባንያ የሠራው፥ በመጀመሪያ ምዕራፉ 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፤ ማከፋፈያ መስመሮቹም ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ገንዘብ ታድሰው ነበር። በሌላ አገር ታሪክ መጀመሪያ ምሰሶ፥ ከዚያ የሽቦ አምፖል፥ ከዚያ ፍሎረሰንት፥ በመጨረሻ ክሪስታል ይከታተላሉ፤ በማላኪያ ግን የመጨረሻው ቀድሞ ገብቶ ምሰሶውን ተቀበለው። ትርፉ በቍጥር ሊታይ የሚችል ነው። ያ 33 ሜጋ ዋት በሙሉ ለመብራት ይዋል ቢባል፥ በባለ 60 ዋት የሽቦ አምፖል 550,000 አምፖል ሲያበራ፥ ያንኑ ያህል ብርሃን በሚሰጠው በባለ 8 ዋት ክሪስታል ከአራት ሚሊዮን በላይ ያበራል። ለዚህ ነው ዛሬ በጁባ ሆቴሎች ባለቤቱና ሒሳብ ሹሙ ስለ ኤሌክትሪክ ወጪ ሲነታረኩ የአምፖል ነገር እምብዛም የማይነሣው፤ ቈጣሪውን የሚያስሮጡት የክፍሎቹ አየር ማቀዝቀዣና ቢራው የተደረደረበት ፍሪጅ ናቸው።